ጆሮዬን የከፈቱልኝ የክራር መምህር

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ክራር መማር ለምትፈልጉ ደግሞ፣ በተለይም እንደ እኔ በቁጥር ወረቀት ጀምራችሁ መሃል መንገድ ላይ ለቆማችሁ፣ የት መሄድ እንደምትችሉ ለመጠቆም ነው። ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለ ጠየቁኝ "መምህሬ" እያልኩ እቀጥላለሁ።

የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ዕድሜዬ 41 ነው። ክራሩ የአባቴ ነበር። አባቴ ካረፈ በኋላ ለዓመታት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖረ። ከሁለት ዓመት በፊት አውርጄ አቧራውን ጠረግሁና አንድ ማሠልጠኛ ገብቼ የሦስት ወር ክፍያ በቅድሚያ ከፈልኩ። የተሰጠኝ በፎቶ ኮፒ የተባዛ ጥራዝ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ስድስቱ ክሮች ከ1 እስከ 6 ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ ከግጥሙ በላይ ቁጥሮች ይደረደራሉ፤ ተማሪው ቁጥሩን እያየ ክሩን ይነካል። ጊታር የሚማሩ ሰዎች ታብላቸር የሚሉት ባለ ስድስት መስመር ጽሑፍ የዚህ የቅርብ ዘመድ ነው። እዚያ መስመሩ ክሩን ይነግራል፣ ቁጥሩ ደግሞ ጣት የሚያርፍበትን ቦታ።

ደስ ብሎኝ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ዜማ ተጫወትኩ፤ በሦስተኛው ወር መጨረሻ ዘጠኝ ደረሱ። ክራሩን ግን የሚቃኝልኝ ሁልጊዜ አሠልጣኙ ነበር። ቤት ስሆን ደግሞ ስልኬ ላይ በጫንኩት የመቃኛ መተግበሪያ እየታገዝኩ እቃኘው ነበር፤ መርፌው መሃል ላይ ሲቆም ክሩ ልክ ሆነ ማለት ነው። ድምፁን አዳምጬ አላውቅም፤ የማየው መርፌውን ነበር።

ለፋሲካ ኮምቦልቻ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ክራሩ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ተንገላቷል። በማግስቱ እናቴ ቡና እያፈላች "እስቲ የአባትሽን ክራር አሰሚኝ" አለችኝ። ጥራዙን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ጀመርኩ። ከቁጥሮቹ አንዱን እንኳ አልሳትኩም፤ የወጣው ግን ዜማው አልነበረም። እናቴ ሲኒዎቹን ረከቦቱ ላይ እየደረደረች ቀና አለችና "ልጄ፣ ይሄ እኮ አልተቃኘም" አለችኝ፣ በጣም በቀስታ። ስልኬ ተዘግቷል፣ መብራት ጠፍቷል። አባቴ በዚያው ክፍል ውስጥ፣ በዚያው ክራር፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሲቃኝ አይቼ ያደግሁ ልጅ ክራሩን በጨርቁ ጠቅልዬ ማዕዘን አስጠጋሁት። ያ ቀን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

አዲስ አበባ ስመለስ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ስድስት ኪሎ አካባቢ ቤታቸው ውስጥ ወደሚያስተምሩት ወደ መምህሬ ወሰደችኝ።

የመጀመሪያውን ቀን እንዳለ አስታውሰዋለሁ። ክራሬን ተቀብለው ቆዳውን በጣታቸው ጫፍ መታ መታ አድርገው አዳመጡ። ከዚያ ስድስቱንም ክሮች አንድ በአንድ አላልተው መልሰው ሰጡኝ። "ቃኚው" አሉኝ። "በምን ልቃኘው?" አልኳቸው። "በአፍሽ።" ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ትዝታ የተባለውን ቅኝት አምስት ድምፆች እያንጎራጎሩ ወጡ፣ ወረዱ። እንድከተላቸው አደረጉ። በአፌ ልክ እስካመጣው ድረስ ክሩን እንድነካ አልፈቀዱልኝም። "በአፍሽ ያልወጣ በጣትሽ አይወጣም" ይላሉ፤ ይህንን ያልሰማ ተማሪ የላቸውም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌላ ነገር አልተማርኩም። በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ክሮቹ ይላላሉ፣ እኔ እቃኛለሁ፣ እሳቸው ያዳምጣሉ። ስህተቱን አይነግሩኝም። "ሦስተኛዋን ደግመሽ ስሚያት" ብለው ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ረጅም ነው። በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው አንድ ክር ከጎረቤቱ ጋር ሲጣላና ሲታረቅ መስማት የጀመርኩት።

ለምን በቅኝት እንደሚጀምሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ጊታር አንገቱ ላይ መከፋፈያ ብረቶች አሉት፤ ከተቃኘ በኋላ አሥራ ሁለቱም ድምፆች ቦታ ቦታቸው ላይ ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። የክራር ክር ግን አንገት የለውም። እያንዳንዱ ክር የሚሰጠው አንድ ድምፅ ነው፤ የትኛውን እንደሚሰጥ የሚወስነው ቅኝቱ ነው። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ያለው "3" ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። በእኔ ክራር ትዝታ ሜጀር ሲቃኝ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ስድስተኛው ክር ዶን በላይኛው እርከን ይደግመዋል። ሚን እና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ካደረግን ትዝታ ማይነር ይሆናል። ከዚያ ሬን በግማሽ ድምፅ ዝቅ፣ ያቺኑ ዝቅ ያለችውን ሚ በአንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ካደረግን አምባሰል ገባን። ከአምባሰል ደግሞ ሶልን በግማሽ አውርደን፣ ላን በግማሽ መልሰን ብንሰቅላት አንቺ ሆዬ ይመጣል። ባቲም የራሱ አሰላለፍ አለው። ያው የቁጥር ረድፍ በአራቱ ቅኝቶች አራት የተለያየ ነገር ይናገራል። ወረቀቱ ሥራውን የሚጀምረው ጆሮ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነው፤ እኔ ከፍዬ የተማርኩበት ቦታ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ቁጥሩ የማይነግረው ሌላም አለ። ክራር በመግረፊያ ሲመታ ቀኝ እጅ ክሮቹን በሙሉ ይጠርጋል። ዜማውን የሚያወጣው የግራ እጅ ነው፤ ጣቶቹ ከኋላ በኩል ክሮቹ ላይ ተኝተው ዝም ያሰኟቸዋል፣ እንዲሰማ የተፈለገው ክር ላይ ያለው ጣት ብቻ ይነሳል። ማለትም ግማሹ ሥራ ማፈን ነው። ጣቱ መቼ እንደሚነሳ፣ ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚመለስ፣ የትኛው ድምፅ ተንጠልጥሎ እንደሚቀር በምን ቁጥር ይጻፋል? መምህሬ ይህን የሚያስተምሩት ፊት ለፊቴ ተቀምጠው፣ አንዲት አጭር ሐረግ ደጋግመው በመጫወት ነው። ጣታቸውን እንዳላይ አንዳንዴ ጀርባቸውን ይሰጡኛል።

አንድ ቀን ተከራከርኳቸው። ቀኑን ሙሉ በወረቀት የምሠራ ሰው ነኝ፤ ያልተጻፈ ነገር ይጠፋብኛል አልኳቸው። አልተቆጡም። መደርደሪያቸው ላይ ካለ መጽሐፍ ውስጥ የአንድ የድጓ፣ የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ፣ ገጽ ፎቶግራፍ አውጥተው አሳዩኝ። ከግዕዙ ቃላት በላይ ደቃቅ ፊደላትና ጭረቶች ሰፍረዋል። ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ርክርክ እያሉ ምልክቶቹን በጣታቸው አሳዩኝ። ፊደላቱ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለመያዝ በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተሠሩ ይነገራል። "ይህን ማን ያነበዋል?" ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። "ቀድሞ የሰማው ነው የሚያነበው" አሉ። እውነታቸውን ነው። እያንዳንዷ ፊደል ተማሪው ከመምህሩ አፍ ተቀብሎ በቃሉ የያዘውን አንድ የዜማ ሐረግ ታስታውሰዋለች እንጂ ለማያውቀው ሰው አዲስ ዜማ አታስተምረውም። ታላቅ ወንድሜ በልጅነቱ ዜማ ቤት ገብቶ ነበር፤ ማታ ማታ መጽሐፍ ሳይገልጥ ሲቀጽል፣ ማለትም ዜማውን በቃሉ ሲደግም፣ የሰማሁት ያኔ ትዝ አለኝ።

ወረቀትን እንደማይንቁ የገባኝም ከዚህ በኋላ ነው። በአራተኛው ወር ራሳቸው ደብተር እንድገዛ አዘዙኝ። ሕጉ ግን ተገልብጧል። መጀመሪያ ዜማውን በጆሮዬ አገኛለሁ፣ በአፌ አወጣለሁ፣ በክራር እጫወታለሁ፤ በመጨረሻ እጽፈዋለሁ። ከላይ ቅኝቱ፣ ከሥሩ ቁጥሮቹ፣ ቁጥር የማይዘውን ደግሞ በራሴ ምልክት። ዛሬ ያ ደብተር ከየትኛውም ጥራዝ ይበልጥብኛል፤ እያንዳንዷ መስመር ቀድሞ የሰማሁት ነገር ናት።

ስለ ሙያቸው አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው ክረምት ክራሬ በዝናቡ ቅዝቃዜ እየዋለ ቅኝቱን መያዝ አቃተው። ቆዳው እርጥበት ሲስብ እንደሚረግብ፣ ክሮቹም አብረውት እንደሚወርዱ አስረዱኝ። የት መስቀል እንዳለብኝ፣ ከመቃኘቴ በፊት ክፍሉን እስኪለምድ ስንት ደቂቃ መጠበቅ እንዳለብኝ አሳዩኝ። ያረጁትን ክሮችም ቀየሩልኝ፤ የክሮቹን ዋጋ ብቻ ተቀበሉኝ።

ዘንድሮ እንደገና ኮምቦልቻ ወረድኩ። ጥራዙንም ደብተሩንም አልያዝኩም። እናቴ አያቴ እሸት እየፈለፈለች ታንጎራጉረው የነበረ አንድ ዜማ ሁለት ጊዜ አሰማችኝ፤ ስም የለውም፣ የትም አልተቀዳም። አምባሰል መሆኑን በሦስተኛው ድምፅ ላይ አወቅሁት። ሁለት ክሮች አስተካከልኩና ፈለግሁት። መሃል ላይ አንድ ቦታ ስቼ ተመለስኩ፤ እሷ በአፏ ይዛ መራችኝ። ሁለተኛው ዙር ላይ ስንደርስ እናቴ ጭብጨባ ጀመረች፣ የጀበናው ቡና ገንፍሎ ከሰሉ ላይ እስኪፈስ ድረስ ማናችንም አላየነውም።

ስለዚህ መምህሬ፣ ይህን ካነበቡልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። እናቴ ያስያዘችኝን ጋቢ ማክሰኞ ይዤ እመጣለሁ፤ እንቢ እንዳይሉኝ።

መማር ለምትፈልጉ፦ ማክሰኞ ማታና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያስተምራሉ፣ በአንድ ጊዜ ከአራት ሰው በላይ አይቀበሉም፣ ክፍያቸው በየወሩ እንጂ በቅድሚያ የሚጠቃለል አይደለም። ለሚቀጥለው ወር ሠርግ አንድ ዘፈን ብቻ ማጥናት የፈለገ ሰው ከእሳቸው ጋር አይስማማም፤ ይህን ሳልደብቅ እናገራለሁ። የሚያረፍድ ተማሪም ደጅ ቆሞ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ይጠብቃል። ሕፃናትን ከዘጠኝ ዓመት ጀምሮ ይቀበላሉ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ክራር የሌላችሁ ሰዎች ለመጀመር ብላችሁ አትግዙ፤ ለጀማሪ የሚያውሷቸው ሁለት ክራሮች ቤታቸው አሉ።