የልጆች ታብሌት፣ ያገለገለ ስልክ ወይስ አሮጌ ላፕቶፕ? 7,800 ብር ከስሬ ያወቅኩት

በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጎረቤት ያንኑ ጠየቀኝ። "የልጁን ደረጃ እያየ የሚያስተምር ነገር ልገዛለት ነበር፣ የቱ ይሻላል?" እኛ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ደግሞ ወሬ በደረጃ ነው የሚወርደው። አራተኛ ፎቅ የተናገርኩት ግራውንድ ሲደርስ ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል። ጽፌው ልገላገል።

ከአሁኑ ልናገር፦ የማደላው ለአሮጌ ላፕቶፕ ነው።

ካቻምና ለትንሹ ልጄ "የልጆች መማሪያ ታብሌት" ልገዛ ሁለት ታክሲ ቀይሬ መርካቶ ወረድኩ። 7,800 ብር። ወፍራም የጎማ ሽፋን አለው፣ ካርቶኑ ላይ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) የሚል በትልቁ ተጽፎበታል። ሻጩ "ማዘር፣ ይሄ የልጁን አቅም አይቶ ነው የሚጠይቀው" አለኝ። አመንኩት። ማታ ልጁ ከጎኔ ተቀምጦ የመደመር ጨዋታ ከፈተ። 3 ሲደመር 4 ይላል። ለተንኮል 9ን ነካ። ታብሌቱ አጨበጨበ፣ "ቬሪ ጉድ!" ቀጥሎ 2ን ነካ። አሁንም ጭብጨባ። ልጁ በሳቅ ሞተ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም።

ከልጁ ጋር ራሱን ያስተካክላል የሚባለው ነገር ቁም ነገሩ ስህተት መቁጠር ነው። የተሳሳተውን ይይዛል፣ ቀጣዩን ጥያቄ በዚያ ይመርጣል። ካን አካዳሚ የሚባለው የኢንተርኔት ትምህርት ለእያንዳንዱ ርዕስ ደረጃ ይሰጣል፣ ልጁ የማጠቃለያ ፈተና ላይ ከተሳሳተ ደረጃውን መልሶ ያወርደዋል። አንኪ የሚባለው የጥያቄ ካርድ አፕ ደግሞ የረሳውን ቃል ቶሎ፣ ያወቀውን ቆይቶ ይጠይቀዋል። ሁለቱም ነጻ ናቸው፤ አንኪ የሚያስከፍለው አይፎን ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ እንደቆማችሁ አምስት ጥያቄ በተከታታይ ተሳሳቱ። ጥያቄው ካልቀለለ፣ ፍንጭ ካልመጣ፣ ኤአዩ ያለው ካርቶኑ ላይ ነው።

የታብሌቱ ጉድ ግን በዚህ አላበቃም። ሴቲንግ ውስጥ 128 ጊጋ ይላል። የትምህርት ቪዲዮ ጭኜበት ግማሹ አልከፈት አለ። ሰፈር ያለው ሞባይል ጠጋኝ ሲያየው እውነተኛው 16 ጊጋ ነው፤ ቁጥሩን ብቻ ቀይረው ጽፈውታል። በሁለተኛው ወር የቻርጅ መሰኪያው ላላ። በሦስተኛው ስክሪኑ ተሰነጠቀ። ጠጋኙ ፈቶ ስስ የሆነውን የስክሪን ገመድ አሳየኝ፣ ላዩ ላይ ደቃቅ ቁጥር አለ። "እትዬ፣ ስክሪን የሚፈለገው በዚህ ቁጥር ነው። ዕቃው ስም የለውም። ሽፋኑ አንድ ሆኖ ውስጡ የተለያየ አለ" አለኝ። ፍለጋው ብቻ 3,500 ብር። ሳልወስን ባትሪው አብጦ ጀርባውን ገፍቶ ወጣ። 7,800 ለሦስት ወር ሲካፈል በወር 2,600 ብር ነው።

ታብሌት ስለጠላሁ አይደለም። በ2012 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የመሠረተው የአንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ላሉ፣ ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች ታብሌት ሰጥቶ ነበር። ልጆቹ ያለ አስተማሪ ራሳቸው ከፍተው ተጠቀሙበት። ነገር ግን ዕቃው ሞቶሮላ ዙም ነበር። የሶላር ቻርጀር ነበረው፤ በየሳምንቱ እየሄደ ሜሞሪ ካርድ የሚቀይር ሰውም ነበር። የኔን ማን መጥቶ ሊያይልኝ?

ያገለገለ ስልክስ? ክፉ አይደለም። እህቴ ያገለገለ ሳምሰንግ በ11,000 ገዝታ ካን አካዳሚ ኪድስ የሚባለውን የትንንሽ ልጆች አፕ ጫነችበት። ከ2 እስከ 8 ዓመት ላሉ ልጆች ነው፣ ነጻ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም። ስክሪኑ የትም ይገኛል። ችግሩ ፓኬጅ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ስልክ ስልክ ነው፣ ዞር ስትሉ ቲክቶክ ተከፍቷል። የምትገዙ ከሆነ ሻጩ ፊት ሪሴት አድርጉት (ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍታችሁ እንደ አዲስ አስነሱት)። ሲነሳ የድሮውን ባለቤት አካውንት ከጠየቀ ትታችሁ ሂዱ። ደረሰኝ የለኝም ካለም እንዲሁ፤ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ላፕቶፑ። 21,500 ብር ገዛሁት። ሃርድ ዲስኩ ኤሊ ስለነበር በ3,200 ኤስኤስዲ (ፈጣኑን ዲስክ) አስገባሁ፣ ባትሪ በ2,900። ድምር 27,600። ብዙ ነው፣ አውቃለሁ። ግን 14 ወር ሆነው፣ ሦስት ልጅ ይማርበታል። ለአንድ ልጅ በወር 657 ብር ገደማ መጣ፣ ገና እየሠራ ነው።

የጫንኩበት ኮሊብሪ የሚባለውን የትምህርት ፕሮግራም ነው። ነጻ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የካን አካዳሚን ሂሳብ ጓደኛዬ ቢሮ ውስጥ በውጪ ዲስክ አውርጄ ቤት ገለበጥኩት። ሁሉን አታውርዱ፣ የምትፈልጉትን ክፍል ብቻ ምረጡ። ላፕቶፑ ሆትስፖት ሲከፍት ልጆቹ በአሮጌ ስልክ ብሮውዘር ይገባሉ። ዳታ አይበላም። መብራት ሲጠፋ ባትሪው ሁለት ሰዓት ያህል ይይዛል፤ እኛ ሰፈር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጉድለቱን አልደብቅም። የጫንኩት በእንግሊዝኛ ነው፣ ከመማሪያ መጽሐፋችን ጋር ምዕራፍ ለምዕራፍ አይሄድም። ብልጠቱም ከኦንላይኑ ካን አካዳሚ ያንሳል፤ የተወሰነ ጥያቄ በትክክል እስኪመለስ ያስደጋግማል እንጂ ቀጣዩን ርዕስ ራሱ አይመርጥም። ልጁ የቱ ላይ እንደወደቀ የሚያሳየውን የአስተማሪ ገጽ ከፍቶ ማየት የወላጅ ሥራ ነው። እኔ ከፍቼ ነው የሴት ልጄን ጉዳይ ያወቅኩት። 7ኛ ክፍል ናት፣ አልጀብራ አይገባኝም ትለኛለች። ገጹ ላይ ግን የወደቀችበት ሁሉ ክፍልፋይ ያለበት ጥያቄ ነው። የ4ኛ ክፍል ነገር! ሦስት ሳምንት ወደ ኋላ መለስኳት፣ ከዚያ አልጀብራው ራሱ ተከፈተ።

አንድ ነገር ብቻ፦ ለየልጁ የየራሱን ስም ክፈቱ። ትንሹ በእሷ ስም ገብቶ ሲነካካ ሰንብቶ የማን ስህተት የማን እንደሆነ መለየት አቅቶኝ ነበር።

ላፕቶፕ ስትገዙ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ግማሽ ሰዓት ቪዲዮ አጫውቱ፣ ፐርሰንቱን ተመልከቱ። ቻርጀሩ ኮፒ እንዳይሆን። አንዳንድ ላፕቶፕ ኮፒ ሲሰካበት አላውቀውም ብሎ ባትሪውን አይሞላም፣ እናንተ ባትሪው ሞቷል ብላችሁ ሌላ 2,900 ታወጣላችሁ።

እጃችሁ ላይ 8,000 ብር ብቻ ካለ ታብሌቱን ተዉት፣ ላፕቶፕ ካለው ጎረቤት ጋር ተስማሙ። ሦስተኛው ተማሪዬ የታችኛው ፎቅ ልጅ ነው። የአባቱን ስክሪኑ የተሰነጠቀ ቴክኖ ይዞ ማታ 1 ሰዓት ላይ በር ያንኳኳል። "እትዬ፣ ሆትስፖቱን ይክፈቱልኝ" ብሎ ደረጃው ላይ ቁጭ ይላል።