ድንኳን ወይስ ረከቦት?

ደሴ ላይ እናት በሰው ፊት ልጇን ስታጠባ እንዳትሳቀቅ ምን ይሻላል? ፒያሳ ላይ ድንኳን ጥሎ ትልቅ ዝግጅት ማሰናዳት ወይስ የሰፈር ቡና?

ዝግጅቱን ብዙ ሰው ያየዋል፤ ወንዱም ጭምር። ችግሩ ወቅቱ ነው። ዓለም አቀፉ የጡት ማጥባት ሳምንት ከሐምሌ 25 እስከ ነሐሴ 1 ነው የሚውለው። በዚያ ዝናብና የጦሳ ተራራ ጉም አራስ ልጅ ታቅፎ ማን ይወጣል? ንግግሩም አያልቅም። ቲሸርት ይታደላል፣ ሰው ይበተናል።

ቡናው ሌላ ነው። አቦል ሲቀዳ ሕፃኑ ያለቅሳል። እናትየው ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ታጠባለች፤ ወሬው አይቋረጥም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ «እስከ 6 ወር ከጡት በቀር ውሃም አይሰጥ» ስትል አንዷ አያት «የአብሽ ውሃስ? እኛ በምን አደግን?» ይላሉ። ክርክሩ እስከ በረካ ይዘልቃል። ሌላዋ ደግሞ ሁለት ዓመት ማጥባት ቁርአንም ላይ እንዳለ ታስታውሳለች። እንዲህ ያለውን ጨዋታ በማይክሮፎን አታገኙትም።

ግን ቡናው ላይ መጀመሪያውኑ የሚያፍር የለም። የሚታፈረው ካፌና ታክሲ ውስጥ ነው። እኔ ራሴ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ልጄን ሳጠባ አጠገቤ ያለው ጎረምሳ ፊቱን ወደ መስኮት ቢያዞር እስከ ጆሮዬ ጋልኩ። ምን አጠፋሁ?

ስለዚህ ቡናውን እመርጣለሁ። ረከቦቱን ግን መናኸሪያው በር ላይ ነው የምዘረጋው።