ኦስካር ወይስ ጃክ ዴምፕሲ? ለድሬዳዋ ቤት የቱ ይሻላል?

ሁለቱም ቤት ውስጥ በመስታወት ገንዳ የሚያዙ፣ ሁለቱም ትልልቅ፣ ሁለቱም ተደባዳቢ ዓሦች ናቸው።

ቦታ
ኦስካር፦ 30 ሴንቲሜትር ያልፋል። ለአንዱ ብቻ 280 ሊትር ገደማ የሚይዝ ገንዳ ያስፈልጋል።
ጃክ ዴምፕሲ፦ ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር። 200 ሊትር ይበቃዋል።

ውሃ
የድሬን ውሃ እናውቀዋለን፤ ማዕድን ስለሚበዛበት ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል።
ጃክ ዴምፕሲ፦ የመካከለኛው አሜሪካ ዓሣ ነው፤ እንዲህ ያለ ውሃ ብዙም አይከብደውም።
ኦስካር፦ የአማዞን ልጅ ነው፤ ቀስ በቀስ ይለምደዋል። ችግሩ ሆዱ ነው። ብዙ ይበላል፣ ብዙ ያቆሽሻል። በየሳምንቱ ቢያንስ ሩቡን ውሃ መቀየር ግድ ነው። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል አይደለም።

ሙቀት
ውሃ ሲሞቅ ኦክስጅኑ ይቀንሳል። መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም ትልቁ ኦስካር ቶሎ ይታፈናል። ለሁለቱም በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ያዙ።

ጠባይ
ኦስካር፦ ባለቤቱን ይለያል፣ ከእጅ ይበላል። ሲከፋው በጎኑ ይተኛል፤ አንጀት ይበላል።
ጃክ ዴምፕሲ፦ በቦክሰኛ ስም የተጠራው በከንቱ አይደለም። ግን ዓይን አፋር ነው፤ መደበቂያ ድንጋይ አስገቡለት።

ሰፊ ሳሎንና የተጠራቀመ ውሃ ካላችሁ ኦስካር። ቤቱ ጠባብ፣ ውሃው በፈረቃ ከሆነ ጃክ ዴምፕሲ። ሁለቱን አንድ ላይ ግን አደራ፣ እንዳትሞክሩት።