የእንግሊዝ ቁርስ፦ ቤት ወይስ ካፌ?

እንቁላል፣ ቤከን፣ ቋሊማ፣ እንጉዳይ፣ ቲማቲም፣ በስጎ የተሠራ ቦሎቄ፣ ቶስት። ሰሃኑ ሙሉ ነው።

ዋጋ፦ ለአራት ሰው ቤት ይረክሳል። ለአንድ ሰው ያን ሁሉ መግዛት አያዋጣም።

ድካም፦ ቤት ውስጥ ጣጣው ሁሉንም እኩል ማድረስ ነው። ቋሊማው ቀስ ብሎ 20 ደቂቃ ያህል ይጠበሳል። እንቁላሉ መጨረሻ ላይ በቤከኑ ስብ ሲገባ ዳር ዳሩ ቡናማ ሆኖ ይንኮሻኮሻል። እኔ የምሞትለት እሱን ነው! ካፌ ግን በወተት ሻይ እየጠጡ መጠበቅ ብቻ ነው።

ስጋት፦ ቤከንና ብላክ ፑዲንግ (አንዳንዴ ሰሃኑ ላይ የሚጨመር የደም ቋሊማ) የአሳማ ናቸው፤ ቋሊማውም አብዛኛውን ጊዜ። አሳማ የማትበሉ ቤት በበሬ ቋሊማ ተኩት። ካፌ ከሆነ መጥበሻው የጋራ መሆኑን ጠይቁ።

እሁድ ቤተሰብ ከተሰበሰበ ቤት፤ ከሌሊት ፈረቃ ደክሟችሁ ከወጣችሁ ካፌ።