የፈረስ ድርቆሽ በምን እንዘፍዝፍ? አራት ዕቃዎች ከስምንት ወር በኋላ

ሳል የያዘው ፈረስ ድርቆሹ ተዘፍዝፎ እንዲሰጠው ሐኪም ያዛል። ባለ ጋሪው ቤት ሲደርስ የሚጨንቀው ግን ዕቃው ነው። ከኅዳር እስከ ሰኔ፣ ጎንደር አዘዞ ላይ፣ ለሁለት የጋሪ ፈረሶች ጠዋትና ማታ የሠሩት አራት ናቸው፦ ትልቅ የፕላስቲክ ሳፋ፣ ለሁለት የተቆረጠ የ200 ሊትር የብረት በርሜል፣ እንደዚሁ የተቆረጠ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል እና አፈ ሰፊ የ60 ሊትር ሰማያዊ በርሜል። ዋጋ አልጽፍም፤ የበርሜል ዋጋ ዛሬ የተባለው ለሳምንቱ አይሆንም።

ልኩ ለሁሉም አንድ ነው፤ ለአንድ ፈረስ በአንድ ጊዜ 2.5 ኪሎ ደረቅ ድርቆሽ፣ በሚዛን። ተዘፍዝፎ ጠፈፍ ሲል ከ6 እስከ 7 ኪሎ ይመዝናል፤ ስለዚህ ከተዘፈዘፈ በኋላ መመዘን ያሳስታል፣ ፈረሱም ይራባል። የሚዘፈዘፍበት ጊዜ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ነው። ፈረሱን የሚያስለውን ብናኝ ለመያዝ ይህ ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲቆይ ስኳሩና ማዕድኑ ከውኃው ጋር ይሄዳል። የሰኮናው ውስጥ በተቆጣበት ወይም በወፈረ ፈረስ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚዘፈዘፈው ስኳሩ እንዲወጣ ተፈልጎ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጋሪ ለሚጎትት ከሲታ ፈረስ ግን ያንን ጉልበት ውኃ ውስጥ መድፋት ነው።

ጎንደር ላይ ዕቃውን የሚያስመርጠው ውኃ ነው። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ልዩነቱ በጀሪካን ይቆጠራል። ሰው ሊትሩን እያየ ይገዛል፤ መታየት ያለበት ግን የአፉ ስፋት ነው። ያው 2.5 ኪሎ ድርቆሽ እንዲሰጥም የተቆረጠው በርሜል፣ ስፋቱ 57 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 45 ሊትር ያህል ይጠይቃል። የ60 ሊትሩ በርሜል ጠበብ ስለሚል ድርቆሹ ተደራርቦ ይቆማል፣ ከ30 እስከ 32 ሊትርም ይበቃዋል። ይህ በየቀኑ ለሁለት ፈረስ፣ ሁለት ጊዜ፣ በድምሩ ወደ 55 ሊትር ልዩነት ነው፤ ሦስት ጀሪካን ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ወደ ውኃ ቦታ የሚመላለስ ሰው ትርጉሙን ያውቀዋል።

ሳፋው ቶሎ ወጣ። ጥልቀቱ 25 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ድርቆሹ ይንሳፈፋል፣ የላዩ ደርቆ የታችኛው ይርሳል፣ እጅ እያስገቡ ማገላበጥ ይጠይቃል። እንዳይንሳፈፍ የተጫነው ድንጋይ በሦስተኛው ወር መሐል ወለሉን ሰነጠቀው። አሁን የሚያገለግለው ድርቆሹ ከሚዘፈዘፍበት መረብ ሥር የሚንጠባጠበውን ውኃ ለመቀበል ነው፤ ለዚያ ጎበዝ ነው።

የብረት በርሜሉ ጠንካራ ይመስላል። ከሁለት ወር በኋላ ግን በተቆረጠበት ጠርዝና በታች ስፌቱ ዙሪያ ዛገ፣ በአምስተኛው ወር ስፌቱ ማንጠባጠብ ጀመረ። ከዝገቱ ይልቅ የከፋው ሙቀቱ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐይ በብረቱ ሆድ ያለው ውኃ እንደ እጅ መታጠቢያ ለብ ይላል፣ በለብታ ውኃ ውስጥ ደግሞ ባክቴሪያ በፍጥነት ይራባል። ጥላ ሥር ካልሆነ አታስቀምጡት። ናፍጣ፣ ሬንጅ ወይም ፀረ ተባይ የነበረበትን በርሜል፣ ብረትም ይሁን ፕላስቲክ፣ በምንም አጠባ አትመኑት። ዘይት ወይም የምግብ ዕቃ እንደነበረበት የሚያሳይ ጽሑፍ ያለውን ግዙ። በሙቅ ውኃና በሳሙና አጥባችሁ፣ ክዳኑን ዘግታችሁ ፀሐይ ላይ ለግማሽ ቀን ተዉት፤ ሲከፈት የሚሸት ከሆነ ለሻጩ መልሱት።

የተቆረጠው ሰማያዊ በርሜል ለሁለትና ከዚያ በላይ ፈረስ ላለው ይሆናል፤ ግማሹ ከ100 ሊትር በላይ ይይዛል፣ የሁለቱን ድርቆሽ በአንዴ ይዘፈዝፋል። አቆራረጡ ቀላል ነው። ዙሪያውን በገመድ ለክታችሁ አስምሩ፣ በሴጌቶ ቁረጡ፣ ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት አለስልሱ፣ ከዚያ የውኃ ጎማ በቁመቱ ሰንጥቃችሁ ጠርዙ ላይ አልብሱት። ይህን ያልተደረገለት ጠርዝ የፈረስ ከንፈርም የሰው ክንድም ይቆርጣል።

ከታች ቧንቧ መግጠም ያምራል፣ ግን አይመከርም። ግማሽ ኢንች ቧንቧ ከ2.5 ኪሎ ድርቆሽ በሚወጣው ብጥስጣሽ በሳምንት ውስጥ ይደፈናል። ወንፊት ሲደረግበት ደግሞ ወንፊቱ ይደፈናል። የሠራው ሰፊ ቀዳዳ ነው፤ ከወለሉ 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ከእንጨት ተጠርቦ በከመነዳሪ ቁራጭ የተጠቀለለ ውታፍ የሚዘጋው። ውታፉ ሲነቀል 45 ሊትሩ በአንድ ጊዜ ወደ ቦዩ ይወጣል፣ ብጥስጣሹም አብሮ። በርሜሉን በሁለት ድንጋይ ላይ ወደ ቀዳዳው ዘመም አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ አለዚያ ከታች የሚቀረው አተላ ለነገው ውኃ እርሾ ይሆናል።

ድርቆሹን ውኃ ውስጥ የሚያሰጥመው ምን ይሁን? ብዙ ሰው 5 ሊትር ጀሪካን በውኃ ሞልቶ ይጭናል። አይሠራም፤ በውኃ የተሞላ ጀሪካን ውኃ ውስጥ ሲገባ ክብደቱ የለም፣ ከድርቆሹ ጋር አብሮ ይንሳፈፋል። አሸዋ ቢሞላ ይሠራል፤ ድንጋይም ይሠራል፣ ወለል ይጎዳል እንጂ። ከሁሉም የተሻለው ዘንግ ነው፦ ከበርሜሉ ጠርዝ ወረድ፣ ከውኃው ልክ ጥቂት ብቻ ከፍ ብሎ ፊት ለፊት ሁለት ቀዳዳ በጋለ ብረት ይበሳል፣ ድርቆሹ ከገባ በኋላ የተላጠ የባሕር ዛፍ ዘንግ በሁለቱ ውስጥ ይሾለካል። ድርቆሹ ከዘንጉ በላይ መውጣት አይችልም። ውኃው ከቀዳዳዎቹ በታች መሆን እንዳለበት ብቻ አትርሱ።

የ60 ሊትሩ በርሜል አንድ ፈረስ ላለው የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ውኃ ይቆጥባል፣ አይንሻፈፍም፣ በስምንት ወር አንድም ስንጥቅ አላሳየም። ጉድለቱ ጥልቀቱ ነው፤ እርጥብ ድርቆሽ ከሥሩ በእጅ ማውጣት ወገብ ይፈጃል። ስለዚህ ያለ መረብ አይሞከርም። የሽንኩርት ከረጢት ለሁለት ሳምንት እንኳ አይቆይም፣ ሲበጠስም ክሩ ከድርቆሹ ጋር ፈረሱ ሆድ ይገባል። ከናይሎን ገመድ የተሠራ፣ ዓይኑ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ መረብ ግን ከኅዳር እስከ ሰኔ አገለገለ። መረቡ ከዘንግ ላይ ተሰቅሎ ለ10 ደቂቃ ይንጠፍጠፍ፣ ከዚያ ድርቆሹ ወደ ገንዳው ይገልበጥ። መረቡን ፈረሱ ፊት ዝቅ አድርጎ ማሰር ኮቴ ያስይዛል።

ክዳኑ ይፈትናል፤ ማታ ዘፍዝፎ ከድኖ ማደር ሥራ የሚያቀል ይመስላል። በግንቦት አንድ ሌሊት ያደረው ድርቆሽ ክዳኑ ሲነሳ እንደ ኮመጠጠ ሊጥ ይሸታል፣ ሲጨብጡትም ያሟልጫል። ፈረሱ አሽትቶ ፊቱን ያዞራል፣ ልክም ነው። የተዘፈዘፈው ወዲያው ይበላ፤ ሳይበላ ከደረቀ ብናኙ ይመለሳል፣ ስለዚህ ትራፊውን ጥረጉ።

ውኃው ሲወጣ ቀጭን ሻይ ይመስላል። ስኳርና ቆሻሻ የያዘ ስለሆነ ለእንስሳ አይጠጣም፣ ለሁለተኛ ዙርም አይሆንም፣ ወደ ወንዝ በሚወርድ ቦይም አይለቀቅ፤ ለዛፍ ሥር ይፍሰስ። ዕቃው በሳምንት ሁለት ጊዜ በብሩሽ ይፈተግ፣ ለ10 ሊትር ውኃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በረኪና ተደርጎ ለ10 ደቂቃ ይቆይ፣ በደንብ ታጥቦ ተገልብጦ ይድረቅ። በሳፋውና በፕላስቲክ በርሜሎቹ ግድግዳ ላይ በጣት ሲነካ የሚያዳልጥ ነገር ካለ ብሩሹ ዘግይቷል። አፍንጫው የሚፈስ ፈረስ ካለ የእርሱ ዕቃና መረብ ለብቻ ይሁን።

የሻገተ ድርቆሽ በየትኛውም ዕቃ ቢዘፈዘፍ አይድንም። የክምሩ ታች፣ መሬት የነካው፣ በክረምት መግቢያ ነጭ ዱቄት የሚያወጣው፣ ሳይዘፈዘፍ ይጣል።