«ትራውት በላንጋኖ» ለሚሏችሁ ቀብድ አትላኩ

ከመስቀል አደባባይ እስከ ቸርችል ጎዳና ባሉ ቢሮዎች የሚሠራ ሰው ስልክ ላይ ሰሞኑን አንድ ዓይነት ማስታወቂያ እየተመላለሰ ነው። «የአንድ ቀን የትራውት ማጥመድ ጉዞ ወደ ላንጋኖ! ከድንጋያማው ዳርቻ በሉር፣ ከባለሙያ አስጎብኚ ጋር። መሣሪያ ከእኛ። መነሻ መስቀል አደባባይ ከሌሊቱ 11 ሰዓት። ቦታ ለማስያዝ ግማሹን በቴሌብር ይላኩ።» (ሉር የሚሉት ሰው ሠራሽ የዓሣ ማታለያ ነው።) ፎቶው ላይ አንድ ፈረንጅ ጎኑ ላይ ሮዝ መስመር ያለው ዓሣ ታቅፎ ቆሟል። ከኋላው የጥድ ጫካ፣ ከጫካው በላይ በረዶ የለበሰ ተራራ። ላንጋኖን አንድ ቀን ያየ ሰው ስቆ ያልፈዋል። ያላየው ግን ይከፍላል፤ ይህ ጽሑፍም ለእሱ ነው።

ዓሣው እዚያ ውሃ ውስጥ የለም። ትራውት የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ነው። የሚመቸው ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውሃ ነው፤ 20 ሲያልፍ መብላት ይቀንሳል፣ ወደ 25 ሲጠጋ መሞት ይጀምራል። ሙቅ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ትንሽ ነው፦ 25 ዲግሪ ላይ ያለ ውሃ 10 ዲግሪ ላይ ካለው ሩብ ያህል ያነሰ ኦክስጅን ይይዛል። ትራውት ደግሞ ኦክስጅን የሚወድ ዓሣ ነው። ላንጋኖ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። ያው ማስታወቂያ ከታች «ከምሳ በኋላ ዋና» ይላል፤ ሰው ሳይንቀጠቀጥ የሚዋኝበት ውሃ ለትራውት እንደማይሆን ከዚያው መረዳት ይቻላል። ውሃው በደቃቅ ጭቃ ቡናማ መሆኑም ሌላ ነገር ነው። ትራውት የሚያድነው አይቶ ነው፣ የሚራባውም ንጹህ ውሃ በሚፈስበት የጠጠር ወንዝ ውስጥ ነው።

አገራችን ውስጥ ትራውት የለም ማለት ግን አይደለም። ባሌ አለ። ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች የተለቀቀው ትራውት ዛሬም እነ ዌብና ዳንካ ውስጥ ይገኛል። የብሔራዊ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለበት ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ወንዙም እጅ የሚያደነዝዝ ቅዝቃዜ አለው። ሆኖም ዲንሾ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ አይታሰብም፤ ሁለት ሌሊት ማደር፣ ከፓርኩ ፈቃድ ማውጣትና የአካባቢውን አስጎብኚ መያዝ ይጠይቃል። ከ2 እስከ 5 ግራም የሚመዝን ትንሽ ስፒነር (ውሃ ውስጥ የሚሽከረከር ሉር) ወይም ዝንብ መሰል መንጠቆ፣ 0.18 ወይም 0.20 ሚሊ ሜትር ክር ይበቃል። በክረምት ወንዙ ደፍርሶ ስለሚሞላ ሐምሌና ነሐሴን መተው ነው። «ባሌ ሩቅ ስለሆነ ትራውቱን ላንጋኖ አቅርበንላችኋል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ዓሣው በየትኛው መንገድ እንደመጣ ጠይቁት።

ላንጋኖ ውስጥ በእርግጥ ያለው ቆሮሶ (ቲላፒያ)፣ አምባዛና ቢልጫ ነው። ማጭበርበሩ ሁለተኛ መልክ የሚይዘው እዚህ ላይ ነው። «እሺ፣ ትራውት ባይሆንም በሉር ቆሮሶ ትይዛላችሁ» ይላሉ። ሉር ማለት ትንሽ ዓሣ መስሎ ውሃ ውስጥ የሚሮጥ የብረት ወይም የፕላስቲክ ማታለያ ነው፤ የሚያታልለውም ዓሣ የሚበላ ዓሣ ነው። ቆሮሶ በአብዛኛው አልጌ ነው የሚመገበው። ቀኑን ሙሉ ሉር ስትወረውሩበት ብትውሉ ዞር ብሎ አያያችሁም። ቆሮሶ የሚያዘው በትንሽ መንጠቆ ላይ በተደረገ ትል ወይም በደንብ በተጠፈጠፈ የዳቦ ሊጥ፣ ከላይ ተንሳፋፊ ታስሮለት ነው። አምባዛ ደግሞ የሌሊት ዓሣ ነው፤ የሐይቁ ወለል ላይ በተቀመጠ ጉበት ወይም ትል፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይሻላል። በሉር ሊመታ የሚችለው ቢልጫ ነው፤ እሱም ዘወትር አይገኝም። ስለዚህ «በሉር» የሚለው ቃል ማስታወቂያው ላይ ያለው ዘመናዊ ስለሚመስል ብቻ ነው።

ሰዓቱን ደግሞ ቁጭ ብላችሁ አስሉት። መነሻው 11 ሰዓት ቢባልም የቀረ ሰው ሲጠበቅ 11 ተኩል ይሆናል። በፈጣን መንገዱ ሞጆ፣ ከዚያ ባቱ፣ መሃል ላይ ለቁርስ ወረድ ሲባል ላንጋኖ የምትደርሱት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ዘንግ እስኪታደል፣ ክር እስኪታሰር 4 ሰዓት። ዓሣ በደንብ የሚበላው ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፤ ያንን መንገድ ላይ አሳልፋችሁታል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉም ድንጋዩን ይመታል። 9 ሰዓት ላይ «ጨለማ ሳይይዘን» ይባላል። «ሙሉ ቀን ማጥመድ» የተባለው ምሳው ሲቀነስ ከአራት ሰዓት የማይበልጥ ጊዜ ሲሆን፣ ከቀኑም የከፋው ክፍል ነው። ዓሣ በእውነት ማጥመድ የሚፈልግ ሰው ማደር አለበት።

ማንም ምንም ሳይዝ ቢመለስ ቅሬታ ስለሚነሳ ለእሱም መላ አለ። እናንተ ምሳ ላይ ሳላችሁ አስጎብኚው ከመረብ አጥማጆች ጥቂት ቆሮሶ ገዝቶ ባልዲ ውስጥ ያደርጋል፤ «በእናንተ ዘንግ የተያዘ ነው» ይላል። ይህን ለማወቅ ዓሣውን አንስታችሁ አፉን ክፈቱት። በመንጠቆ የተያዘ ዓሣ ከንፈሩ ላይ ወይም አፉ ጥግ ላይ የተቀደደ ቀዳዳ ይኖረዋል። በመረብ የተያዘው አፉ ደህና ነው፤ ከስንጥቡ ጀርባ ግን ክሩ ያጠበቀበት ቀጭን መስመር ይታያል፣ እዚያው አካባቢም ቅርፊቱ ተልጦ ይገኛል። ዓይኑ ደብዝዞ፣ ስንጥቡ ከደማቅ ቀይ ወደ ቡናማ ከተለወጠ ደግሞ ማለዳ የወጣ ዓሣ ነው። (በሁዳዴ ወራት ይህ ባልዲ ራሱ በጉዞው ዋጋ ላይ ተጨምሮ ሲታሰብ ሰምተናል፤ ዓሣ የፈለገ ባቱ ላይ ከአጥማጁ ቢገዛ ይረክስለታል።)

ብር በብዛት የሚያልቀው ግን በጠፋ ሉር ነው። «መሣሪያ ከእኛ» ያሉት ሰዎች ስትመለሱ የጠፋውን ሉር እየቆጠሩ ያስከፍላሉ፤ ይህ ማስታወቂያው ላይ አይጻፍም። ድንጋያማ ዳርቻ ላይ ሉር መጥፋቱ ደግሞ እርግጥ ነው። የሚሰጧችሁ ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆ ያንጠለጠለ፣ ስፑን የሚባል ከባድ የብረት ሉር ነው፤ ወርውራችሁ እጃችሁን ስታዘገዩ ወደ ታች ወርዶ ድንጋይ መሃል ይሰነቀራል። ሄዳችሁ ከሆነና መመለስ ካልፈለጋችሁ እንዲህ አድርጉ፦ ባለ ሦስቱን መንጠቆ በአንድ መንጠቆ አስቀይሩ። ሉሩ ውሃውን እንደነካ የዘንጉን ጫፍ ወደ ላይ አድርጋችሁ መጠቅለል ጀምሩ፣ ወለል እስኪነካ አትጠብቁ። ከተያዘ ዘንጉን ቀስት አድርጋችሁ አትጎትቱ፤ የሚሰበረው ዘንጉ ነው፣ እሱንም ያስከፍሏችኋል። ክሩን ላላ አድርጋችሁ አሥር እርምጃ ወደ ጎን ሄዳችሁ ከተቃራኒ አቅጣጫ ሳቡ። እምቢ ካለ ክሩን በዱላ ላይ ጠቅልላችሁ፣ ፊታችሁን አዙራችሁ፣ ዘንጉን ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ፊት ማዞሩን አትርሱ፤ የተላቀቀ ስፑን ወደ ዓይን ተመልሶ ይመጣል። አረንጓዴ አልጌ የያዘ እርጥብ ድንጋይ ላይ በነጠላ ጫማ መቆም ደግሞ ሐይቅ ውስጥ ለመግባት አጭሩ መንገድ ነው።

ከጉዞው ጋር «ሙሉ ስብስብ» ብለው የሚሸጡትን ዘንግና ማጠንጠኛ በተመለከተ፦ ተጣጣፊ አንቴና የመሰለ ዘንግ፣ ላዩ ላይ «13 ቦል ቤሪንግ» የሚል ተለጣፊ ያለበት ማጠንጠኛ (ሪል)፣ የተጠቀለለ ክርና በአንዲት ሳጥን የታጨቁ ሉሮች ናቸው። ተለጣፊውን አትመኑ፣ እጃችሁን እመኑ። የማጠንጠኛውን እጀታ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት፤ ከተንቋቋ ውስጡ ተበልቷል። ወደ ኋላ አዙሩት፤ በትክክል ከቆለፈ ደህና፣ ሩብ ዙር ከሄደ በኋላ ከያዘ ትልቅ ዓሣ ሲጎትት ያመልጣችኋል። ክሩን የሚያላላውን ቁልፍ ፈታ አድርጋችሁ ክሩን በእጅ ሳቡ፤ እየተቆራረጠ ከወጣ ዓሣ ሲሮጥ ይበጠሳል። የጥጥ ቁራጭ በዘንጉ ቀለበቶች ውስጥ አሳልፉ፤ ጥጡ ከያዘ ቀለበቱ ተሰንጥቋል፣ ክራችሁንም በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ክሩ ከማጠንጠኛው ሲወጣ እንደ ሽቦ ምንጭ ተጠምዝዞ ከቀረ መደርደሪያ ላይ አርጅቷል ማለት ነው። ቋጠሮ አስራችሁ በምራቅ አርጥባችሁ ሳቡት፤ በቀላሉ ከተበጠሰ ተዉት። የሉሩን መንጠቆ በፒንሳ ይዛችሁ ግፉት፤ እንደ ለስላሳ ሽቦ ከተቀናም እንዲሁ።

«ጫሞ ሐይቅ ናይል ፐርች» የሚለው ሌላው ማስታወቂያ ቢያንስ ዓሣው እውነት ነው፤ ናይል ፐርች ሉር ይመታል፣ ጫሞም አለ። ነገር ግን «ከዳርቻ» ካሉ አትሂዱ። ጫሞ የአዞና የጉማሬ ሐይቅ ነው፤ ውሃው ጫፍ ላይ ቆሞ መወርወር ሞኝነት ነው። ከጀልባ ነው የሚጠመደው፤ ጀልባው ላይም ለእያንዳንዱ ሰው ላይፍ ጃኬት መኖሩን ከመነሳታችሁ በፊት ቆጥራችሁ ለብሳችሁ እዩ። ባቱ (ዝዋይ) ላይ ደግሞ ሱሪ ጠቅልላችሁ ውሃ ውስጥ አትቁሙ፤ ቢልሃርዚያ አለበት። «ውሃው ንጹህ ነው» የሚላችሁ አስጎብኚ ራሱ ቦት ጫማ አድርጎ ከሆነ ልብ በሉ።

ቀብድ ከመላካችሁ በፊት ይህን በጽሑፍ ጠይቁ፦ የትኛው ዓሣ፣ በየትኛው ሐይቅ የትኛው ዳርቻ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ውሃ ላይ፣ የጠፋ ሉርና የተሰበረ ዘንግ ማን ይከፍላል፣ የንግድ ፈቃዱ በማን ስም ነው፣ ጉዞው ከቀረ ገንዘቡ በስንት ቀን ይመለሳል። ዓሣ ማጥመድ በሕግ የሚመራ ነገር ስለሆነ (አዋጅ ቁጥር 315/1995) ፈቃዱን ከየት እንደሚያወጡም ጠይቁ። «ስትመጡ እናስረዳችኋለን» ካሉ መልሱን አግኝታችኋል። ክፍያው ወደ ድርጅት ሳይሆን ወደ ግለሰብ ስልክ ቁጥር ከሆነም ያው ነው። ፎቶውን ጎግል ሌንስ ላይ ጫኑት፤ ያ ፈረንጅና ያ በረዷማ ተራራ ከሌላ አገር ገጽ ላይ ይወጣሉ።

ቀብድ የላካችሁ ሰዎች ደግሞ መጀመሪያ ማስታወቂያውን ስክሪንሾት አድርጉ፣ «ትራውት» እና «ላንጋኖ» የሚሉት ቃላት ከነቀኑ እንዲታዩ። ቴሌግራም ላይ ላኪው መልእክቱን ከእናንተም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል፤ «ብራችንን መልሱ» ብላችሁ ከጻፋችሁ በኋላ ማንሳት የዘገየ ሊሆን ይችላል። ከዚያ የቴሌብሩን የግብይት ቁጥር ያለበትን አጭር መልእክት አስቀምጡ፣ ገንዘቡ እንዲመለስ ቀን ቆርጣችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ካልመለሱ ሁለቱን ይዛችሁ ወደ ንግድ ቢሮ ሂዱ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ላንጋኖ ውስጥ ትራውት አለ ብሎ ገንዘብ መቀበል ደግሞ አሳሳችነቱን ለማስረዳት ብዙ ምስክር አያስፈልገውም። አቤቱታው ላይ የውሃውን ሙቀትና የዓሣውን ባሕርይ በሁለት መስመር ጻፉ፤ መዝገቡን የሚያየው ሰው ዓሣ አጥማጅ ላይሆን ይችላል።