ሰፊው የጠመንጃ ማንገቻ በቡድን አደን ላይ ሲፈተን

ይህን ማንገቻ የገዛሁት ለትከሻዬ ብዬ ነው። መነጽር የተገጠመለት የአደን ጠመንጃ ከነጥይቱ 4 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ሲያነሡት ምንም አይመስልም፣ ከሦስት ሰዓት የእግር ጉዞ በኋላ ግን ቀጭኑ የናይለን ማንገቻ ሥጋ ውስጥ ይገባል። አዲሱ ማንገቻ ትከሻ ላይ የሚያርፈው ክፍሉ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ከኒዮፕሪን (ከሚለጠጥ ሰው ሠራሽ ጎማ) የተሠራና እንዳይንሸራተት ከሥሩ በጎማ ነጠብጣብ የተሸፈነ ነው፤ ጫፎቹ ወደ 25 ሚሊ ሜትር ጠበው በሁለት የብረት ቀለበቶች ከጠመንጃው ጋር ይያያዛሉ። ሁለት የአደን ወቅት ሙሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሰው በሆንበት ቡድን ውስጥ ተጠቅሜበታለሁ። ስለ ትከሻዬ የምለው አጭር ነው፦ ማንገቻው የተባለለትን ያህል ምቹ ነው። ሰፋ አድርጌ መጻፍ የምፈልገው በማሸጊያው ላይ ስላልተጻፈው ጉዳይ፣ ማለትም አንጋቹ ሐሳቡ ሌላ ቦታ በሄደበት ሰዓት አፈሙዙ ወዴት እንደሚዞር ነው። ማንገቻን ለቡድን አደን የሚመርጥ ሰው በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ይህን ይመስለኛል፤ መልሱንም ከአንጋቹ ይልቅ ከፊቱና ከኋላው የሚሄዱት ሰዎች ያውቁታል።

አብዛኞቻችን ጠመንጃን በቀኝ ትከሻ፣ አፈሙዙን ወደ ላይ አድርገን እናነግታለን። ቀጥ ብለን እስከ ሄድን ድረስ አፈሙዙ ሰማይ ሰማይ ስለሚያይ የሚያስከፋ ነገር የለውም። ችግሩ የሚመጣው ጎንበስ ሲሉ ነው፤ በቅርንጫፍ ሥር ለማለፍ፣ የጫማ ማሰሪያ ለማጥበቅ ወይም ዱካ ለማየት ወገብን ባጠፉ ቁጥር በርሜሉ ከራስ በላይ አልፎ ወደ ፊት ይወርድና ከፊት በሚሄደው ሰው ጀርባ ትክክል ይቆማል። ማንገቻውን ይዤ በወጣሁበት በሦስተኛው ቀን ይኸው ሆነ። ከፊቴ የነበሩት ሽማግሌ ዞር ብለው አዩኝና «ልጄ፣ አፈሙዝህ ጀርባዬን እያየ ነው» አሉኝ። ጥይት አላጎረስኩም ነበር፤ ይህን ለመናገርም አፌን ከፍቼ ነበር፣ ነገር ግን እርሳቸው ይህን የሚያውቁበት መንገድ እንደሌለ ስለገባኝ ዝም አልኩ።

በኋላ ነገሩን ሳስበው ጥፋቱ የእኔ ቢሆንም ማንገቻውም ድርሻ እንደነበረው ተረዳሁ። የድሮው ቀጭን ማንገቻ ዘወትር ከትከሻዬ ስለሚንሸራተት ቀኝ እጄ ከእርሱ ላይ አይለይም ነበር፤ ባጎነበስኩ ቁጥርም እጄ በርሜሉን ወደ ኋላ ይጎትተው ነበር። አዲሱ ግን በጎማው ተጣብቆ ስለሚቀመጥ እጄን አስፈታ፣ እጄ ሲፈታም ጠመንጃ መሸከሜን ረሳሁት። በዚያ ላይ ኒዮፕሪን ይለጠጣል፤ ይህ ባሕርይው ክብደቱን ቀለል ያለ ቢያስመስለውም በእያንዳንዱ እርምጃ ጠመንጃው ከፍ ዝቅ እንዲልና በርሜሉ ከጎን ወደ ጎን እንዲወዛወዝ ያደርጋል። ከማንገቻው ጋር የመጣው ወረቀት «ሁለቱም እጆችዎ ነፃ ይሆናሉ» እያለ ይመካል። ለብቻው ረጅም መንገድ ለሚጓዝ ሰው ይህ ውለታ ነው፤ አምስት ሰው በአንድ ቀጭን መንገድ ሲከታተል ግን አንድ እጅ ከጠመንጃው ላይ ባይለይ ይሻላል።

ከዚያ ቀን ወዲህ በግራ ትከሻዬ፣ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጌ፣ ግራ እጄን በበርሜሉ ሥር ባለው እንጨት ላይ አሳርፌ ማንገት ጀመርኩ። በዚህ አያያዝ ወገቤን ባጥፍ እንኳ ወደ ላይ የሚነሣው ሰደፉ እንጂ አፈሙዙ አይደለም፤ እጄ በቦታው እስካለ ድረስም አፈሙዙ ከእግሬ አጠገብ ካለው መሬት አይርቅም። ይሁን እንጂ ይህም የራሱ ጣጣ አለው። ቁልቁለት ሲወርዱ ወይም አረፍ ሲሉ አፈሙዙ ጭቃ ውስጥ ይገባል፤ በጭቃ ወይም በሣር የተደፈነ በርሜል ሲተኮስበት ደግሞ ሊሰነጠቅ ይችላል። እኔ አፈሙዙ ላይ ቀጭን የኤሌክትሪክ ፕላስተር እለጥፋለሁ፤ ፕላስተሩ ቆሻሻውን ይከለክላል፣ ሲተኮስም በቀላሉ ይቀደዳል። በድንጋያማ ቦታ ደግሞ መሬት የመታ ጥይት ነጥሮ የት እንደሚሄድ ስለማይታወቅ፣ ወደ ታች ማንገት ከጥንቃቄ ሁሉ ነፃ ያወጣል ማለት አይቻልም። ማንገቻው በዚህ በኩል ደካማ ሆኖ ያገኘሁት ዘለበቱን ነው። አፈሙዙን ወደ ታች ለማንገት ማንገቻው በጣም ማጠር አለበት፤ ዘለበቱ ግን እልኸኛ ስለሆነ ሁለት እጅና ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ስለዚህም ማሳጠሩን ጉዞ ከመጀመሩ በፊት መጨረስ ያስፈልጋል።

ትልቁን ቅሬታ ያስቀመጥኩት ለፊተኛው ቀለበት ነው። ቀለበቱ የሚከፈትና የሚዘጋ ሲሆን፣ እንዳይከፈት የሚያደርገው በላዩ የሚጠብቅ ትንሽ ብሎን ነው። በሁለተኛው ወቅት መሐል፣ ዳገት እየወጣን ሳለ ብሎኑ በመወዛወዝ ብዛት ላልቶ ኖሮ ቀለበቱ ተከፈተና ጠመንጃው ከትከሻዬ ወደቀ። ሰደፉ ድንጋይ መታ። ጥይት ስላልጎረሰ ምንም አልሆነም፤ ጎርሶ ቢሆን ኖሮ ግን የምላጩ መቆለፊያ ብቻ ያድነናል ብዬ አልወራረድም፤ መቆለፊያ ሊያረጅ፣ ሊቆሽሽ ወይም ቁጥቋጦ ገፍቶት ሊከፈት የሚችል ትንሽ ብረት ነውና። በቡድን ስንጓዝ ካዝናው ውስጥ ጥይት ቢኖር እንኳ ቃታውን፣ ማለትም ምላጩን ሳይሆን ጥይት የሚያጎርሰውን ተንቀሳቃሽ መዝጊያ፣ ስቦ ማጉረስ የሚፈቀደው ተኳሹ ቦታውን ከያዘ በኋላ እንዲሆን የተስማማነው ቀደም ብለን ነበር፤ ያን ቀን ስምምነቱ ጠቀመን።

ስለ ቃታ ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። ጠመንጃ ሲታነገት የቃታው እጀታ በጃኬትና በቦርሳ ማሰሪያ ይታሻል፤ እኔም ሁለት ጊዜ ቃታው በከፊል ተከፍቶ አግኝቼዋለሁ። በ1898 ሞዴል ማውዘርና ዲዛይኑን በተከተሉ ጠመንጃዎች ላይ መቆለፊያው ሦስት ቦታ አለው፦ በአንደኛው መተኮስ ይቻላል፣ በመካከለኛው ምላጩ አይተኩስም፣ ቃታው ግን ስለሚንቀሳቀስ መሣሪያው እንደተቆለፈ ጥይቱን ማውጣት ይቻላል፣ በሦስተኛው ደግሞ ቃታውም ጭምር ይታሰራል። ጠመንጃው ሲታነገት ሦስተኛው፣ ጥይት ሲወጣ መካከለኛው ያገለግላል። ሁለት ቦታ ብቻ ያለው መቆለፊያ የያዘ ሰው የእርሱ ቃታውን ያስር ወይም አያስር እንደሆነ ሰፊ ማንገቻ ከመግዛቱ በፊት ቢያጣራ መልካም ነው፤ ማንገቻው በሰፋ ቁጥር ጠመንጃው ወደ ጀርባ ይጠጋልና።

ቁጥቋጦው ጥቅጥቅ ሲል ወይም አውሬው ቅርብ ሲሆን ማንገቻ ከትከሻ መውረድ አለበት፤ ያን ጊዜ ጠመንጃው በሁለት እጅ ይያዛል፣ የአፈሙዙን አቅጣጫ የሚወስነውም ሰውየው በሰልፉ ውስጥ ያለበት ቦታ ነው። በአንድ ረድፍ ሲከታተሉ መሪው ወደ ፊት፣ የመጨረሻው ሰው ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ማዞር ይችላል፤ መካከል ያሉት ግን ሰው ወደሌለበት ጎን ወይም ወደ ላይ ከማድረግ በቀር ምርጫ የላቸውም። ጎን ለጎን ሲሄዱ ነገሩ ረቀቅ ይላል። በቀኙ የሚተኩስ ሰው ጠመንጃውን በደረቱ ላይ አጋድሞ ሲይዝ አፈሙዙ ወደ ግራው ይዞራል፤ ይህ ሰው በረድፉ ቀኝ ጫፍ ከቆመ፣ ሳያስበው ጓደኞቹን በሙሉ በአፈሙዙ መስመር ላይ አሰልፏቸዋል ማለት ነው። በቡድናችን ግራኝ የሆነ አንድ ሰው አለ፤ በቀኝ ጫፍ የምናቆመው እርሱን ነው። እንዲህ ባለው ጊዜ ይህ ማንገቻ ረጅምና የሚለጠጥ በመሆኑ ተንጠልጥሎ ቅርንጫፍ ይይዛል፤ ስለዚህ ቀለበቶቹን ከፍቶ ኪስ ውስጥ መክተት ግድ ነው። እዚህ ላይ ፈጥነው የሚከፈቱት ቀለበቶች ይመሰገናሉ፤ የወቀስኳቸውም እነዚያው መሆናቸውን አልዘነጋሁም።

አጥርና ወንዝ ሲያጋጥም ደግሞ ምቹ ማንገቻ ሰውን ያሰንፋል። ጠመንጃውን እንዳነገቱ አጥር መውጣት የሚያጓጓው ለዚህ ነው፤ ነገር ግን እግር የሚስተው በዚያ ቅጽበት ነው፣ ማንገቻው በሽቦ የሚያዘውም በዚያው ነው። እኛ የምናደርገው ጥይቱን ከማጉረሻው ብቻ ሳይሆን ከካዝናውም አውጥተን፣ ቃታውን እንደተከፈተ ትተን፣ አንዱ የሁለቱንም ጠመንጃ ይዞ ሌላው ከተሻገረ በኋላ አንድ በአንድ ማቀበል ነው። ይህን ሁሉ ማድረግ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። 30-06 የሚባለው የተለመደ የአደን ጥይት ካመለጠ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ እንደሚችል ለሚያውቅ ሰው ሁለት ደቂቃ አይበዛበትም።

የቀረው ጥቃቅን ነው። ብረቱ ከብረት ጋር ሲጋጭ ድምፅ ስለሚያሰማ ቀለበቶቹን በፕላስተር ጠቅልያቸዋለሁ። ኒዮፕሪኑ ውኃ ከጠጣ ቶሎ አይደርቅም። ቀለሙ ቡናማና ደማቅ ብርቱካናማ ሆኖ ይመጣል፤ እኔ ቡናማውን መግዛቴ ይቆጨኛል፣ ጓደኞቼ እኔን የሚለዩበት ማንኛውም ብርቱካናማ ነገር ቢበዛ እንጂ ቢያንስ አልወድምና።

ማንገቻውን አልጣልኩትም። የፊተኛውን ቀለበት ብሎን በሌለውና በጠንካራ የግፊት ቁልፍ በሚዘጋ ሌላ ቀለበት ተካሁት፤ ርዝመቱን ለግራ ትከሻ በሚሆን ልክ አሳጥሬ ዘለበቱን ሰፋሁት፤ በየማለዳው ከመነሣታችን በፊትም ሁለቱንም ቀለበቶች በኃይል ስቤ አያለሁ። ያ ሽማግሌ ባለፈው ወቅት ይህንኑ ማንገቻ ገዝተዋል፣ እርሳቸው ግን ብርቱካናማውን መርጠዋል። ከፊቴ ሲሄዱ ዛሬም አልፎ አልፎ ዞር እያሉ የአፈሙዜን አቅጣጫ ያያሉ፤ እኔም እርሳቸው ከኋላዬ ሲሆኑ እንዲሁ አደርጋለሁ።